ካቻቢቴና የሚዘገየው ፍሬን

ካቻቢቴ የሚለውን ስም ያወጡላት አማቷ ናቸው። ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይዟት ቤት ሲመጣ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከቦርሳዋ መሐረብ ለማውጣት ስትጎትት አንድ ካቻቢቴ አብሮ ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ። እማማ ጎንበስ ብለው አነሱት፣ አገላብጠው አዩትና «መቼም ልጄን ፈታትተሽ ልታዪው ነው የመጣሽው» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ቀን ወዲህ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ሆነ፤ እሱም ቢሆን ሲቆጣ ነው።

በዚያ ቀን ያልሳቀችው የባሏ ታናሽ እህት ነበረች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ቲቸር» ነው የሚላት። ክፉ ሰው አይደለችም። ግን ያ ጨዋታ አዋቂ የአውቶቡስ ሾፌር ወንድሟ ከሰው ሁሉ መርጦ እጇ በግራሶ የጠቆረ የሊፍት ጠጋኝ ማምጣቱ አልተዋጠላትም። ካቻቢቴን «እርስዎ» እያለች ነበር የምታናግራት። ሰው አክብሮት ነው ይላል። ካቻቢቴ ግን አጥር መሆኑ ገብቷታል። ለዓመታት ሁለቱ በየቤተሰቡ ግብዣ ጎን ለጎን እየተቀመጡ ስለ አየሩ ያወራሉ፤ አየሩ ሲያልቅባቸው ዝም ይላሉ።

ካቻቢቴ ወደ ሙያው የገባችው በር ተዘግቶባት ነው። በወጣትነቷ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ ትተክል ነበር። አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ የዕቃ ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ አለ። ውስጡ የቀሩት እሷና ሁለት ባልደረቦቿ፣ እንዲሁም ሊፍቱን ሊፈትሹ የመጡ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። አንደኛዋ ሴት ታለቅሳለች፣ ሌላዋ ትጸልያለች። ካቻቢቴ ግን «ጋሼ፣ መብራቱ ከጠፋ ለምን አልወደቅንም?» ብላ ጠየቀች።

ሽማግሌው ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ድምፃቸው ሞቅ አለ። «ሰው ሁሉ ፍሬኑን የሚያስይዘው ኮረንቲ ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው፣ ልጄ። የሚያስይዘው ሞላ ነው፤ ጥምዝምዙ ብረት። ኮረንቲ ሲመጣ መዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ኮይል ማግኔት ይሆንና ሞላውን አሸንፎ ፍሬኑን ይከፍተዋል፤ ሊፍቱ ይሄዳል። ኮረንቲው ሲቋረጥ ማግኔቱ ይሞታል፣ ሞላው ይይዛል። መብራት ጠፋ ማለት ተያዝን ማለት ነው።»

«ማግኔቱ ወዲያው ነው የሚሞተው?»

«ወዲያው» አሉ ሽማግሌው።

ከዚያ ሊፍት ስትወጣ ቁልፍ መትከል አስጠላት። እግር እግራቸውን እየተከተለች መግቢያ መውጫ ስታሳጣቸው፣ ሽማግሌው ተሸንፈው የመሣሪያ ሣጥናቸውን አሸከሟት። ጉልበታቸው ደክሞ ቤት ሲውሉ ደንበኞቻቸው የእሷ ደንበኞች ሆኑ። ከእነሱ አንዱ አማቷ ከቲቸር ጋር የሚኖሩበት ባለ ስድስት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ነው። ባሏንም ያገኘችው እዚያው ነው። እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ «ይሄ ሊፍት መቼ ነው የሚሠራው?» እያለ ሲነጫነጭ፣ ቀና ሳትል «እስከዚያው ይቺን ፒንሳ ያዝልኝ» አለችው። ያዘላት።

የዚያ ሕንፃ ሊፍት አሮጌ ነው። ፍጥነቱ አንድ ነው፤ ቀስ ብሎ መጠጋት የሚባል ነገር አያውቅም። ፎቁ ጋ ሲደርስ የሞተሩም የፍሬኑም ኮረንቲ አንድ ላይ ይቆረጣል፤ ቀጥ የሚያደርገው ፍሬኑ ብቻ ነው። የፍሬኑን ኮረንቲ የሚያሳልፈው ኮንታክት ሁለት የብረት ከንፈሮች አሉት፤ ሲገጥሙ ኮረንቲው ያልፋል፣ ሲለያዩ ይቆረጣል። ካቻቢቴን ያማረራት ይህ ኮንታክት ነበር። ኮይል ውስጥ የገባ ኮረንቲ ቁም ሲሉት እሺ አይልም፤ መንገዱን ሲቆርጡበት በአየር ላይ ዘሎ ለማለፍ ይታገላል። ከንፈሮቹ በተለያዩ ቁጥር ጣ የሚል ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣል፣ ብረቱም እየተበላ ያልቃል። ትለውጣለች፣ ይበላል፤ ትለውጣለች፣ ይበላል።

በመጨረሻ ከሌሎች መካኒኮች የሰማችውን ሞከረች። ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ገዝታ ከኮይሉ ጫፍ እስከ ጫፍ አሰረችው። ሊፍቱ ሲሄድ ዳዮዱ ዝግ ነው፤ ምንም አያሳልፍም። ኮንታክቱ ሲለያይ ግን ኮረንቲው በአየር መዝለሉን ትቶ በዳዮዱ ዞሮ ወደ ኮይሉ ይመለሳል። ብልጭታው ድርግም ብሎ ጠፋ። የሕንፃው ዘበኛ ሳይቀር እጇን ጨበጣት።

ብዙም ሳይቆይ ወሬ መጣ። ሊፍቱ ከፎቁ ጋር እኩል አይቆምም። ሲወርድ ከወለሉ የሦስት ጣት ያህል ዝቅ ይላል፤ ሰው እግሩን ሲያነሳ ይደናቀፋል። ካቻቢቴ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከበሮ ጨብጦ የሚይዘውን የፍሬን ሸራ ለወጠች። ለውጥ የለም። ሞላውን አጠበቀች። ትንሽ ተሻለ፣ ግን አልዳነም። ነገሩ እየከነከናት ሳለ አንድ ጠዋት እማማ ዳቦ ገዝተው፣ ቴርሞሳቸውን ሻይ አስሞልተው ሲመለሱ፣ ከሊፍቱ ሲወጡ ተደናቀፉና ኮሪደሩ ላይ ተዘረሩ። እግዜር ሲያተርፋቸው ጉልበታቸው ብቻ ተላላጠ። ቴርሞሱ ግን አለቀለት።

ካቻቢቴ ስትደርስ እማማ ጉልበታቸው በፋሻ ታስሮ ሶፋው ላይ ተጋድመዋል። ቲቸር ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱ ጋ ቆማለች።

«ማሩኝ፣ እማማ» አለች ካቻቢቴ።

«አንቺ ምን ታደርጊ» አሉ እማማ። «ያቺ ሊፍትሽ ጠዋት ጠዋት ክፉ ናት። ከሰዓት በኋላ ትገራለች።»

«እማዬ፣ ሊፍት ጠዋትና ማታ አያውቅም» አለች ቲቸር።

«እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። ጠዋት ያደናቅፈኛል፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ሰው ያወርደኛል። ለስንቱ ተናገርኩ! እግርሽ ነው ይሉኛል። እግሬ እንደሆነ ጠዋትም ማታም አንድ ነው።»

ካቻቢቴ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ወጣች። ጠዋት ይብሳል የሚለው ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶባታል። በማግስቱ ማልዳ መጥታ ሊፍቱን ከሰው ዘግታ ብቻዋን ሽቅብ ቁልቁል ስትመላለስ ዋለች። እማማ ያሉት እውነት ነው። ጠዋት ብዙ ያልፋል፤ ሲሠራ ውሎ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ያልፋል። ሌላም ነገር አየች። ሲወርድ ከወለሉ ዝቅ ይላል፣ ሲወጣ ደግሞ ከወለሉ ከፍ ይላል። ፍሬኑ ቢደክም ኖሮ ሊፍቱ ሁልጊዜ ወደ ከበደው በኩል፣ ወደ ራሱ ወይም ወደ ማመጣጠኛ ክብደቱ፣ ነበር የሚንሸራተተው። ይሄ ግን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚያልፈው። ፍሬኑ አልደከመም። ዘግይቷል።

ጣሪያው ላይ ባለችው የማሽን ክፍል ውስጥ ሆና ይህን እያብሰለሰለች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ቲቸር ናት። ስድስቱን ፎቅ በደረጃ ወጥታ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እርስዎን የማናግርበት ነገር አለኝ» አለች። «እናቴ ዳግመኛ ብትወድቅ አጥንቷ ነው የሚሰበረው። ካልቻሉ ሌላ ሰው ይጠራ።»

«እውነትሽን ነው» አለች ካቻቢቴ። «ዳዮድ ካሰርኩ ወዲህ ፍሬኑ ዘግይቶ ይይዛል። ኮረንቲው ተቆርጦም ማግኔቱ ቶሎ አይሞትም። ያልገባኝ ለምን ጠዋት ይበልጥ እንደሚዘገይ ነው።»

ቲቸር ወደ ኮይሉ ጠጋ አለች። የሁለት ቡጢ ያህል ነው፤ ቡናማ ቫርኒሽ የጠጣ፣ ከጎኑ ትንሿ ዳዮድ የተለጠፈችበት። «ዳዮዷ የታሰረችው በቀጥታ ነው? መሃል ላይ ምንም የለም?»

«ምንም የለም።»

«እንግዲያማ ኮረንቲው ውስጥ ለውስጥ ይዞራል። ራሱ ሽቦው እስኪያደክመው ድረስ…» ዙሪያውን ቃኘች። «ጠመኔ አለሽ?»

አንቺ ማለቷን አላስተዋለችም። ካቻቢቴ ግን አስተውላዋለች፤ ጠመኔውን ሰጠቻት።

ቲቸር የዕቃ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠችና ሲሚንቶው ወለል ላይ መጻፍ ጀመረች። «ይሄ ኮይሉ ነው። ኮረንቲው ሲለወጥበት ይቃወማል፤ ለውጡ ፈጣን ከሆነ ተቃውሞውም ኃይለኛ ነው። ይሄ ደግሞ የሽቦው ሬዚስታንስ፤ ኮረንቲውን ወደ ሙቀት እየለወጠ ይበላዋል። ከውጭ የሚገፋ ስለሌለ ሁለቱ ተደምረው ዜሮ ይሆናሉ።» ጻፈች፣ በመዳፏ ጠረገች፣ እንደገና ጻፈች። ከዚያ ፈዝዛ ቀረች።

«ምነው?»

«በዚህ ስሌት ኮረንቲው እያደገ እያደገ ሄዶ ሕንፃውን ያቃጥለዋል።»

ካቻቢቴ ዞር ብላ ኮይሉን አየችው። «እስካሁን አልጀመረም» አለች።

ቲቸር ሳቋ አመለጣት። ከዓመታት በፊት ካቻቢቴው ምንጣፍ ላይ ሲወድቅ የከለከለችውን ሳቅ ጭምር የምትስቅ ይመስል እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የረሳችው የመቀነስ ምልክት ነበር። እሱን አስገባችና ነገሩ ተስተካከለ።

«ተመልከቺ» አለች። «በየቅጽበቱ የሚቀንሰው መጠን በዚያች ቅጽበት ካለው መጠን ጋር ይመጣጠናል። ብዙ ካለ ብዙ ይቀንሳል፤ ትንሽ ከቀረ ትንሽ ይቀንሳል። እንደ ትኩስ ሻይ። መጀመሪያ ቶሎ ይበርዳል፣ ከዚያ ለብ ብሎ ይቆያል። አንድ የተወሰነ ጊዜ ሲያልፍ ከሲሶ ትንሽ ከፍ ያለው ይቀራል። ያው ጊዜ ሲደገም ከዚያ ከቀረው ላይ እንደገና ከሲሶ ትንሽ ከፍ ያለው ይቀራል። እንዲህ እያለ ይሄዳል።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«በስሌቱ? አያልቅም።»

ካቻቢቴ ወለሉ ላይ የተጻፈውን በጣቷ ተከተለች። ለዓመታት በእጇ ስትቆርጠው የኖረችው ኮረንቲ በወረቀት የማያልቅ መሆኑ ገረማት፤ ደስም አላት፤ ሁለቱን መለየት አቃታት። «ጋሼ ወዲያው ነው ያሉኝ» አለች ለራሷ። ቀጥላ ደግሞ «ግን ሞላው እስኪያልቅ አይጠብቅም። ማግኔቱ ከእሱ ጉልበት በታች እስኪወርድ ነው የሚጠብቀው» አለች።

«ልክ። ጥያቄው እዚያች ቦታ ለመድረስ ስንት ይፈጅበታል የሚለው ነው። ጊዜውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። የኮይሉን ኮረንቲ ይዞ የማቆየት ጠባይ ለሬዚስታንሱ ስታካፍዪው ጊዜው ይወጣል። ሬዚስታንሱ ከፍ ካለ ጊዜው ያጥራል።»

ካቻቢቴ ተነስታ መዳፏን ኮይሉ ላይ አሳረፈች። ከጠዋት ጀምራ ስትመላለስ ማሽኑ ብዙ ስለሠራ ኮይሉ ግሏል። «ጠዋት ቀዝቃዛ ነው» አለች። «አሁን እጅ ሊያቃጥል ምንም አልቀረው።»

ሁለቱ ተያዩ።

«መዳብ ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል» አለች ቲቸር ቀስ ብላ። «በየዓመቱ አስተምረዋለሁ እኮ።»

ካቻቢቴ ኃይሉን አጥፍታ በቴስተር ለካች። ቁጥሩን ጠመኔው አጠገብ ጻፉት። በማግስቱ ማለዳ ማሽኑ ሳይነሳ ቲቸር ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት እንደገና ለኩ። ከትናንትናው ጉልህ ሆኖ ያንሳል። ጠዋት ኮይሉ ስለሚቀዘቅዝ ኮረንቲው በርትቶ የሚጨርሰው ነገር ሳያገኝ ይቆያል፤ ማግኔቱም ሳይሞት ይቆያል፤ እማማም ይደናቀፋሉ።

«እናቴ እውነቷን ነበር» አለች ቲቸር። «ለስንቱ ተናገርኩ ያለችው ለእኔ ነው።»

መፍትሔው ከዚያ በኋላ ቀላል መሰላቸው። ሬዚስታንስ መጨመር ነው። ግን የት? ካቻቢቴ ከኮይሉ ጋር ተከታታይ አድርጎ ማሰር ነው ብላ ነበር፤ ወዲያው ራሷ ሰረዘችው። እንዲያ ከሆነ ኮይሉ ሁልጊዜ የሚያገኘው ኮረንቲ ይቀንሳል፣ ፍሬኑ በደንብ አይከፈትም፣ ሸራው እየተፋተገ ይቃጠላል። ቲቸር ደግሞ ከዳዮዱ ጋር እናድርገው አለች። ሊፍቱ ሲሄድ ዳዮዱ ዝግ ስለሆነ ሬዚስታንሱን የሚጨምረው ሬዚስተር ሥራ ፈት ነው፤ ኮረንቲው ሲቆረጥ ብቻ መንገዱ ላይ ይቆማል።

«ትልቁን እናድርግለት እንግዲያ። ባንዴ ይጨርሰው» አለች ካቻቢቴ።

«ቆይ። ኮረንቲው መጀመሪያ ላይ እንዳለ ነው የሚያልፈው። ሬዚስተሩ ትልቅ ከሆነ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚነሳው ቮልቴጅ ያን ያህል ትልቅ ይሆናል። ከመጠን ካለፈ ብልጭታሽ ተመልሶ ይመጣል።»

ካቻቢቴ ራሷን ያዘች። «ለካ ድሮ ፍሬኑን ቶሎ ያስይዘው የነበረው ብልጭታው ነው! አየሩ ነበር ሬዚስተሩ። እኔ ደግሞ ብልጭታውን ሳጠፋ ኮረንቲው የሚያልቅበትን ቦታ አጠፋሁበት።»

ቅዳሜ ቲቸር ከትምህርት ቤቷ አስፈቅዳ ኦሲሎስኮፕ ይዛ መጣች፤ የኮረንቲን መውጣትና መውረድ በመስታወት ላይ በብርሃን መስመር የሚስል ሣጥን ነው። ወንድሟ ተሸክሞላት ወጣ። ደረጃው ላይ «ሚስቴን ከእህቴ ጋር ላስታርቅ ስል ነበር፤ ወገቤን ይጠይቃል አላሉኝም» እያለ ሲያጉረመርም ተሰማ። ሣጥኑን አስቀምጦ፣ የሚያናግረው ሰው ሲያጣ፣ እናቱ ጋ ምሳ ሊበላ ወረደ።

ኮንታክቱን ለያዩት። መስታወቱ ላይ መስመሩ ከላይ ተነስቶ መጀመሪያ ቁልቁል ተወረወረ፣ ከዚያ እየተዝናና፣ እየተለጠጠ ወደ ታች ተጠጋ። ካቻቢቴ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። ዕድሜ ልኳን በጆሮ ስትሰማው የኖረችውን ነገር በዓይኗ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። «ድገሚው» አለች። ደገሙት። ደግመው ደጋገሙት።

መስመሩ ላይ ግን አንዲት እብጠት አለች። መውረዱ መሃል ላይ ትንሽ ቀና ብሎ እንደገና ይወርዳል። ቲቸር ግንባሯን ቋጠረች። «በመጽሐፍ ላይ ይሄ የለም። ሽቦው ሳይላላ አይቀርም።» ሽቦውን አጠበቁ። እብጠቷ ንቅንቅ አላለችም።

«የፍሬኑ ብረት ቀጭ ሲል የሚፈጠር ይሆን?» አለች ካቻቢቴ። «ማግኔቱ ለቆት ሲሄድ።»

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

ለማወቅ አንድ መንገድ ነበር። ካቻቢቴ ተንቀሳቃሹን ብረት ከኮይሉ ላይ እንዳይላቀቅ በእንጨት ሽብልቅ አጥብቃ ያዘችውና ኮንታክቱን ለያዩ። መስመሩ እንደ መጽሐፉ ለስልሶ ወረደ። ሽብልቁን ስታወጣው እብጠቷ ተመለሰች። ቲቸር የዕቃ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ ቆየች። ብረቱ ሲርቅ ኮይሉ ኮረንቲን የመያዝ ጠባዩ ይለወጣል፤ ያ ለውጥ ኮረንቲውን ለቅጽበት ቀና ያደርገዋል። ስለዚህ ያቺ እብጠት ፍሬኑ የሚይዝባትን ቅጽበት የምታሳይ ምልክት ሆነችላቸው። ከእንግዲህ መገመት አያስፈልግም፤ እብጠቷን ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ቀደመው ቅጽበት፣ ማምጣት ብቻ ነው።

ካቻቢቴ ከተጣሉ ማሽኖች የፈታቻቸውን የሸክላ ሽፋን ያላቸው ወፋፍራም ሬዚስተሮች አፈሰሰች። በየተራ ሞከሩ። ትንሹ እብጠቷን ብዙም አላንቀሳቀሳትም። ትልቁ ግራ ዳር ድረስ አመጣት፣ ግን ኮንታክቱ ጣ ብሎ ሰማያዊ ምላሱን አወጣ። ከኮይሉ ሬዚስታንስ ሁለት እጥፍ ገደማ የሆነው ተስማማቸው፤ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ ኮንታክቱ ዝም ይላል። ካቻቢቴ እሱን አጥብቃ አሰረችና ወርዳ ሊፍቱን በየፎቁ አቆመችው። ባልተስተካከለ ወለል ሲደናቀፍ የከረመው ጫማዋ ከሊፍት ወደ ኮሪደር ሲሻገር ምንም አልነካም። ሲወጣም ሲወርድም ያው ነው። ሰኞ ማለዳ ኮይሉ በረዶ ሆኖ ሳለ ሞከረችው። ለዓይን የማይሞላ ልዩነት ብቻ ቀረ።

እማማ ጉልበታቸው ሲሽር ሊፍቱን በጠዋት ራሳቸው ፈተኑት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ባገኙ ቁጥር «ሁለቱ የተማሩ ልጆቼ ግራ ገብቷቸው ሳለ እኔ ነኝ የነገርኳቸው» ይላሉ። «ሁለቱ ልጆቼ» ሲሉ ካቻቢቴ ታቀረቅራለች፤ ደስታዋን መደበቂያ ነው።

ያ ነገር ካለፈ በኋላ ቲቸር ትምህርቱ ኮይል ላይ ሲደርስ ካቻቢቴን ክፍል ይዛት ገባች። ካቻቢቴ የተቃጠለ ኮይልና አንድ ደህና ኮይል ይዛ ሄዳ፣ በተማሪ ፊት ስለ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ ስለ እብጠቷ ተናገረች። የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ሲገባስ? ኮረንቲው ሲወጣ እንደሚዘገየው ሁሉ ሲገባም ይዘገያል?» ብላ ጠየቀች።

ቲቸር መልሱን ታውቀዋለች፤ መስመሩ ሲገባም እንዲሁ መጀመሪያ ቶሎ፣ በኋላ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ሰሌዳው ላይ አሳየች። ካቻቢቴን ግን ነገሩ ሰላም ነሳት። ወደ ቤት ሲመለሱ የባሏ አውቶቡስ ውስጥ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ብረቱን ይዘው ቆሙ።

«ሲገባ ከዘገየ» አለች ካቻቢቴ፣ «ሞተሩ መጎተት ሲጀምር ፍሬኑ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ሊፍቱ በተነሳ ቁጥር ሸራው ይፋተጋል።»

«ለቅጽበት ብቻ።»

«ቅጽበት ስንት ጊዜ ተደምሮ? ደግሞ ሲገባ ዳዮዱ ዝግ ስለሆነ የጨመርነው ሬዚስተር አይረዳውም። የሚገባበትና የሚወጣበት ፍጥነት አንድ አይደለም።»

ቲቸር አሰበች። «አይደለም። እውነትሽን ነው። ምን ያህል እንደሚለያዩ ግን…»

«ኦሲሎስኮፑ ትምህርት ቤት ነው?»

«አልመለስኩትም። እኔ ጋ ነው።»

«ወራጅ!» አለች ካቻቢቴ።

ባሏ በመስታወት አያቸው። የእሱና የሚስቱ ቤት ገና ሦስት ፌርማታ ይቀረዋል። እማማ ያሉበት ሕንፃ ግን እዚሁ ማዶ ነው። ምንም ሳይጠይቅ ጥግ ይዞ በሩን ከፈተላቸው፤ ሁለቱ ኮይሎቹን ተከፋፍለው ይዘው መንገዱን ተሻገሩ።